የጣት አራስ

ቡሬ ላይ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ፣ ቻይነሽ የምትባል ፈታይ ነበረች። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ካሏት ሁለት ክፍሎች አንዷን ለአስተማሪ አከራይታ በአንዷ ትኖራለች፤ የጎደለውን የምትሞላው በእንዝርቷ ነው። ሸማኔው ገብረሰንበት ዓይኑን ጨፍኖ ልቃቂት ቢያስጨብጡት የእሷን ፈትል በመዳሰስ ብቻ ይለየዋል። «ይህ የቻይነሽ ነው፤ አንጓ የለው፣ ጉድፍ የለው፤» ይላል። እሷ ታዲያ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች። መመስገን አትችልበትም።

አርባ ዓመት ፈትላለች። ባዘቶውን የሚስቡት፣ እንዝርቱን የሚያሾሩት ጣቶቿ እንዳያልባቸው በየመሀሉ አመድ ታስነካቸዋለች። ከዚህ የተነሣ እንደ አሮጌ ማንካ ጀርባ ልሙጥ ብለው ያበራሉ። ይህን ግን እሷም ሆነች ሌላ ሰው ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም።

አንዲት ልጅ አለቻት፣ መታሰቢያ የምትባል። ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ በምትባል ከተማ ከባሏ ጋር ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን፣ ወንዱን፣ የወለደች ጊዜ ቻይነሽ በስልክ፣

«ማን አረሰሽ ልጄ? ገንፎውን ማን አገነፋልሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ማንም፣ እማ። ባሌም ከሥራው ፈቃድ አላገኘ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ራሴ አገንፍቼ በላሁ።»

ራሴ አገንፍቼ በላሁ። ቻይነሽ ሰው ፊት አታለቅስም፤ ያን ጊዜም አላለቀሰችም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የፈተለችው ፈትል አንጓ በአንጓ ሆነና ገብረሰንበት፣ «ምነው፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» አላት። በአገሩ አራስ ብቻዋን ውኃ እንኳ አትቀዳም። የጠላት ሚስት ብትሆን ጎረቤት ይደርስላታል። የእሷ ልጅ ግን ወገቧ ሳይጠና ምድጃ ላይ ቆመች።

መታሰቢያ እናቷ አብራት በቋሚነት እንድትኖር ማመልከቻ ካስገባች አራት ዓመት ሆነ። ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሲገባ ነገሩ ሁሉ ተጠናቀቀ፤ የልደት ወረቀቱ፣ ፎቶግራፉ፣ የደረት ራጁ አለቀ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቻይነሽ ወንጀል እንደሌለባት የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ። መታሰቢያ ደግሞ ሁለተኛ ልጇን ፀንሳለች። የመውለጃዋ ጊዜ መጋቢት ሲገባ ነው።

«የአሁኑንስ እኔ አርስሻለሁ፤» አለች ቻይነሽ። ቃል ነበር።

ከቀበሌ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ፍኖተ ሰላም ሄዳ በዞኑ ማኅተም አስመታችበት። በኅዳር ወር ሎሚ እያሸተተች የዓባይን በረሃ ወርዳ ወጥታ አዲስ አበባ ገባች። አንድ ወጣት አሥሩን ጣቶቿን ጥቁር ቀለም እየቀባ ካርቶን ላይ አተመና፣ «በወር ውስጥ ይደርሳል፤ ይሂዱ፤» አላት። ተመልሳም ሥራዋን ያዘች። የሚወለደው ልጅ ክርስትና የሚነሣበትን ነጠላ በእጇ ፈትላ ይዛ መሄድ አለባት። ሌላ ጊዜ ከምትፈትለው እጥፍ ፈተለች።

ወሩ አለፈ። ሁለተኛው ተጀመረ። ወረቀት የለም።

ትንሽ ከተማ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። «የቻይነሽን ወረቀት ፖሊስ ያዘው አሉ፤» ተባለ። «ምን አድርጋ?» «እሱንማ እነሱ ያውቃሉ፤ ዝምተኛ ሰው አይታወቅም።» ወሬው ዞሮ ዞሮ እሷው ጆሮ ገባ። ያመጣችላትም አደይ ነበረች። አደይ አጥሯ ከቻይነሽ አጥር ጋር የተያያዘ፣ አብራት የምትፈትል፣ አፏ የማያርፍ ጓደኛዋ ናት።

«ስሚ አንች፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ያች አምና በጥምቀት ማግሥት የጠፋችብኝ ዶሮዬ አንች ዘንድ ነው እንዴ የገባችው?»

«ኧረ በማርያም!»

«ታዲያ ፖሊስ ምን ፈልጎ ነው የሚመረምርሽ?»

አደይ ልታስቃት ብላ ነበር። ቻይነሽ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜዋን ወደ ኋላ እየተመለሰች ትበረብር ጀመር። ምን በድያለሁ? ማንን ቀምቻለሁ? አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ መንገድ መሀል፣ ትዝ አላትና ቀጥ አለች።

ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። ወጣቱን ሁሉ ለውትድርና ያፍሱ በነበረበት ጊዜ ታናሽ ወንድሟን ቻላቸውን ባዶ ጎተራ ውስጥ ሦስት ቀን ደብቃው ነበር። አፋሾቹ ሲመጡ ጎተራው አፍ ላይ ስልቻ ደርባ፣ ከፊቱ ቁጭ ብላ እየፈተለች፣ «ወለጋ ቡና ለቀማ ሄዷል፤ በጊዮርጊስ!» ብላ ማለች። በሐሰት። ከሰዎቹም አንዱ ስሟን በደብተር ጽፏል። በዓይኗ አይታለች።

በነጋታው ለንስሐ አባቷ ነገረቻቸው። አረጋዊው ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዳመጡና፣

«ያ መንግሥት ካለፈ እኮ ሃያ ዓመት ሆነው ልጄ፤» አሉ። «ለመሐላሽ አርባ ስግደት ስገጂ። የፖሊሱን ግን እኔ አላውቅም፤ እነሱን ጠይቂ።»

ሰገደች። ግን ልቧ አላረፈም።

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት መታሰቢያ ደብዳቤ እንደላከች በስልክ ነገረች። ቡሬ ኢንተርኔቱ ስለተቋረጠ፣ ተከራይዋ መምህርት ምሥጋና ቅዳሜ ዕለት ይዛት ፍኖተ ሰላም ሄደች። ምሥጋና የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ቻይነሽን እንደ እናቷ ነው የምታያት። በቅጥቅጡ አውቶቡስ ማንኩሳን አልፈው ሲገቡ ቻይነሽ ከቦርሳዋ ባዘቶ አውጥታ ጥቂት ፈትላ ነበር፤ እጇ ባዶ ከሆነ ሐሳቡ አይለቃትም።

ምሥጋና ኢንተርኔት ቤት ከኮምፒውተሩ ላይ እያየች ቀስ ብላ አነበበችላት። «እማ፣ የፖሊሱ ማስረጃ እስካሁን አልደረሰንም ብለው ጽፈውልኛል። በእናንተ አቆጣጠር እስከ መጋቢት ሠላሳ ካልደረሰ ፋይሉ ይዘጋል። ከተዘጋ ደግሞ እንደ አዲስ ማመልከት ነው።»

«እንደ አዲስ ማለት?»

«ሌላ አራት ዓመት፣ እማማ። ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል።»

ቻይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ናት።

የትምህርት ቤቱ የመንፈቅ ዕረፍት ሲደርስ ምሥጋና አብራት አዲስ አበባ ወረደች። ፖሊስ የአሻራ ክፍል ተራቸው ሲደርስ የተቀበለቻቸው ሳሌም የምትባል፣ ገና ልጅነቷ ያልለቀቃት ሠራተኛ ነበረች። መዝገቡን አገላብጣ፣ «እማማ፣ የእርስዎ የዘገየው…» ብላ ስትጀምር ቻይነሽ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለችባት። መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችውን መያዝ አልቻለችም።

«ልጄ፣ ልንገርሽ። ወንድሜን ጎተራ ውስጥ የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

የሳሌም እስክሪብቶ ቆመ። «ምን አሉኝ?»

«በደርግ ጊዜ ነው። ሦስት ቀን። ወለጋ ሄዷል ብዬም ማልሁ። እሱ ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እናንተ ዘንድ ተጽፎ ከሆነ ለሱ እንዳይተርፍ ብዬ ነው።»

«ወንድምዎ አሁን የት ናቸው?»

«ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም። ድንች ያመርታል። ሰባት ልጅ ወለደ።»

ሳሌም አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን አሳበቃት። ምሥጋና ጣራ ጣራውን ታያለች። ሳሌም ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እንኳን ደበቋቸው፣ እማማ፤» አለቻት። «እኛ ዘንድ በስምዎ የተጻፈ አንድም ነገር የለም። የዘገየው አሻራዎ አልነበብ ብሎ ነው። እስቲ ጣትዎን ይስጡኝ።»

በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀለም ቀብታም አተመች። ከዚያ የራሷን አውራ ጣት ከጎኑ አትማ አሳየቻት። የሳሌም እንደ ጥልፍ መስመር በመስመር ነው፤ የቻይነሽ ጥቁር እድፍ ብቻ።

«ጣትዎ እኮ ጠፍቷል፣ እማማ።»

«የት ይጠፋል? ይኸው አሥር።»

«መስመሩን ማለቴ ነው። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ፈታይ ነኝ።»

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የፈተሉት?»

ቻይነሽ አፈረች። ከቦርሳዋ እንዝርቷን አወጣች፤ ከኅዳር ወዲህ ያልተለያት ፈትል አሁንም ተጠምጥሞበታል። «ዓባይ በረሃ ላይ፤ አውቶቡሱ ጎማ ሲቀይር። ለልጅ ልጄ ክርስትና ነጠላ እንዲደርስልኝ ብዬ።»

ሳሌም እንዝርቱን ተቀብላ ትንሽ አየችው። «ነጠላው ሄዶ እርስዎ ሊቀሩ ነዋ፤» አለች። «ቆዳ ይመለሳል፣ እማማ። ግን አርባ ቀን ያህል ያሳርፉልኝ። ፈትል የለም፣ አመድ የለም፣ ዕቃ ማጠብ የለም፤ ቅባት ብቻ። ከዚያ በቀጥታ እኔ ዘንድ ይምጡ።»

ቻይነሽ በጣቷ ቆጠረች። አርባው ቀን የሚያልቀው መጋቢት ዐሥር ነው። ፋይሉ ሳይዘጋ ሃያ ቀን ይተርፋል። መታሰቢያ ግን ከዚያ በፊት ትወልዳለች። በመመለሻው መንገድ ሁሉ እጆቿ ጉልበቷ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጠው ሄዱ።

አደይ ነገሩን ስትሰማ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አርባ ቀን አለችሽ?»

«አርባ።»

«ውኃ አትንኪ፣ አመድ አትንኪ፣ ቅቤ ተቀቢ?»

«እንዲያ ነው።»

«አይ አንች! ይህማ አራስ ነው እንጂ ሌላ ምን ስም አለው? በስድሳ ዓመትሽ አራስ ሆንሽ!»

ቀልድ ነበር። ግን አደይ የቀለደችውን ትፈጽማለች። እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ «በእመቤቴ ማርያም ይዤሻለሁ፤ እኔ እስክፈታሽ እንዝርት ብትነኪ ግዝት ይሁንብሽ!» አለች። ቻይነሽ የተያዘችበትን ግዝት የምታፈርስ ሴት አይደለችም፤ አደይም ይህን አውቃ ነው።

በማግሥቱ ሴቶቹ ገንፎ ይዘው ገቡ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

«ምን ተገላገለች?»

«አሥር መንታ!» አለች አደይ፣ የቻይነሽን ሁለት እጆች ወደ ላይ ከፍ አድርጋ እያሳየች። «ያውም አንዱ ከአንዱ የማይለይ፤ እናታቸው ራሷ አታውቃቸውም!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ስለ ፖሊሱ ስታወራ የከረመችው ሴት እንኳ፣ «ለካ ወንጀለኛዋ እንዝርቷ ናት!» ብላ ቅቤ በጣሳ ይዛ መጣች። ቻይነሽ በሐፍረት የምትገባበት ጠፋት። የሰው እጅ ስትጠብቅ ኖራ አታውቅም። ውኃዋን አንዷ ትቀዳለች፣ ዕቃዋን ምሥጋና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታጥባለች፣ ጣቷን ጧትና ማታ አደይ አንድ በአንድ ትቀባለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቅቤው በኑግ ዘይት ተለወጠ፣ ገንፎውም በተልባ ሆነ።

«አራስ እኮ ጾም የለባትም፤» ብላ አንዷ ተከራከረች።

«አራሶቹ ጣቶቿ ናቸው፤ አፏ ጤነኛ ነው፣ ይጹም!» አለች አደይ።

ከባዱ ሥራ ማረፉ ነበር። ቅዳሴ ላይ ቆማ ሳለ ጣቶቿ ባዶውን አየር ሲፈትሉ ታገኛቸዋለች፤ ደንግጣ በነጠላዋ ትጠቀልላቸዋለች። የቀረውን የነጠላውን ፈትል አደይና አራት ሴቶች በወንፈል ተካፍለው እሷ ቤት እየመጡ ፈተሉት። ቻይነሽ እያየች ነው። የአደይ ይወፍራል፤ የአንዷ በየስንዝሩ አንጓ አለው። አንጓውን ነቅሳ ልታወጣ እጇን ስትዘረጋ አምስቱም በአንድ አፍ፣ «ግዝት!» ይሏታል። ገብረሰንበት ልቃቂቶቹን ተቀብሎ እያገላበጠ፣ «ይህ ነጠላ አምስት አፍ ሊኖረው ነው፤» ብሎ አጉረመረመ።

አንድ ቀን አደይ ጣቷን እየቀባች ሳለ ቻይነሽ ሳታስበው ዕንባዋ ወረደ።

«ምነው? አመመሽ?»

«አይ። እንዲህ የተያዝሁት መታሰቢያን የወለድሁ ጊዜ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ታረስሁ፤ እሷ አንድም ጊዜ።»

አደይ ቀስ ብላ ቀጣዩን ጣት ያዘች።

የካቲት ሃያ ስምንት ቀን፣ ሴቶቹ ተሰብስበው ሲፈትሉ፣ የምሥጋና ስልክ ጮኸ። መታሰቢያ ነበረች። ምሥጋና ስልኩን ቻይነሽ ጆሮ ላይ ያዘችላት፤ እጇ ዘይት ነው።

«እማ፣ ተገላገልሁ። ደኅና ነኝ። ሴት ናት።»

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ቻይነሽ ግን ቃሏን ነው ያሰበችው።

«አልደረስሁልሽም፣ ልጄ።»

«ምንም አይደል፣ እማ።»

«ማን አለ አጠገብሽ?»

«ባሌ ሁለት ቀን አለ። ከዚያ እኔው እሆናለሁ፤ ለምጄዋለሁ።»

ለምጄዋለሁ ማለቷ ከሁሉ ይልቅ ጎዳት። ስልኩ ሲዘጋ ቻይነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። እልልታውም ቆመ። ያን ጊዜ አደይ እንዝርቷን ወርውራ ተነሣች።

«ቆይ! ሴት ናት ነው ያለችሽ?»

«ሴት።»

«ታዲያ ምን ያሳዝንሻል? ወንድ ቢሆን በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣ ነበር። ሴትማ ሰማንያ ቀን ነው! እናቷም እስከዚያ አራስ ናት። ልጅቱ ገና ሳታይሽ አርባ ቀን ጨመረችልሽ እኮ!»

ምሥጋና ወዲያው ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ፊት ቆማ ቆጠረች። ግንቦት ዐሥራ ስምንት።

መጋቢት ዐሥራ ሁለት ቀን አዲስ አበባ ያደረሰቻት ራሷ አደይ ነበረች፤ «ግዝቴን እጠብቃለሁ» ብላ። ከጎጃም ወጥታ አታውቅም። ዓባይ ድልድይ ላይ ዓይኗን ጨፍና የምታውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ በየስማቸው ጠራች። ሳሌም ቻይነሽን ገና ከበሩ ስታያት ተነሣች። ጣቶቿን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች፣ ቀለም ቀባች፣ አተመች። ሁለቱ አሮጊቶች ካርቶኑ ላይ አፈጠጡ።

«ይህ… የኔ ነው?» አለች ቻይነሽ። ቀጫጭን መስመሮች፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተጠመጠሙ፣ ልክ እንዝርት ላይ እንዳለ ፈትል።

«የእርስዎ ነው። ዘጠኙ ጥሩ ነው፤ የግራ አውራ ጣትዎ ትንሽ ፈዟል። ይበቃናል።»

«ቅቤው ነው፤ የኔ እመቤት!» አለች አደይ። «የቡሬ ቅቤ! ያች ፈዛዛዋ ጾም ከገባ በኋላ የበቀለች ናት።»

በአምስተኛው ቀን ወረቀቱ በእጃቸው ገባ፤ በስድስተኛው ወደ መታሰቢያ ተላከ። ፋይሉ ሊዘጋ ስድስት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቪዛውን መጠበቅ ነበር፤ ፋሲካ አለፈ፣ ሚያዝያ አለቀ፣ ምሥጋና በየቀኑ አንድ ቁጥር በእርሳስ ትሰርዛለች። ቪዛው ግንቦት ሁለት ቀን መጣ።

ስትሸኝ ቻይነሽ አደይን ወደ ጓሮ ጠራቻት። «እንግዲህ ግዝቱን ፍችልኝ።»

«አልፈታም። እዚያም ስትገቢ ጣት ያያሉ አሉ። ስትደርሺ በስልክ እፈታሻለሁ።»

«እንዝርቴን ልተውልሽ?»

«ተይልኝ። ባየሁት ቁጥር እንድሰድብሽ።»

ግንቦት ዐሥራ አንድ ቀን የምሥጋና ስልክ ጮኸ። አደይ እየሮጠች መጣች።

«ደረስሽ?»

«ደረስሁ።»

«ጣትሽን አዩት?»

«አዩት። አሥሩንም። ምንም አላሉኝም።»

«በይ እንግዲህ ፈትቼሻለሁ፤ በእመቤቴ ስም ይፈታሽ። ክርስትናው ስንት ቀን ቀረው?»

«ሰባት። ነጠላውን ለመታሰቢያ አሳየኋት። ያንችኑ ወፍራም ፈትል በጣቷ ዳስሳ ‹ይህ የአደይ ነው አይደል?› አለችኝ።»

«ምን ታድርግ፣ እናቷ አሳድጋ ሰዳቢ አወጣቻት! ልጅቷስ? ማንን ትመስላለች?»

«ገና አላየኋትም በደንብ። ተኝታለች። በይ ልዝጋው፣ አደይ፤ ሌላ ቀን እናወራለን። ገንፎዬን ከምድጃ አውርጃለሁ፣ አራሴ ሳይቀዘቅዝባት ትብላ።»